ከመኪናው መስታወት ወደ ማደያው፦ ኬንያ ዓመታዊውን የመኪና ክፍያ በነዳጅ ቀረጥ ከተካች በኋላ

ጁን 18 ቀን 2024 የኬንያ ፓርላማ የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኩሪያ ኪማኒ ናይሮቢ በሚገኘው ቤተ መንግሥት ቆመው ከዓመቱ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ የተሰረዙትን ታክሶች አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ዳቦ ላይ ሊጣል የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀርቷል አሉ። ባለመኪና ሁሉ በየዓመቱ የመኪናውን ዋጋ 2.5 በመቶ እንዲከፍል ያዝዝ የነበረው አንቀጽም ቀርቷል። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 14፣ የነዳጅ ዋጋ የሚወስነው ባለሥልጣን የቀጣዩን ወር ዋጋ ሲያወጣ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ለመንገድ ጥገና የሚቆረጠው ቀረጥ ከ18 ወደ 25 ሽልንግ ማደጉ ታወቀ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዓመት አንዴ ሊከፈል የታሰበው ታክስ በሕዝብ ቁጣ ወደቀ፤ በየቀኑ ማደያ ላይ የሚከፈለው ግን አለፈ። ነገሩ የዚያ ወር ግርግር ብቻ የወለደው አይደለም። ሥሩ 18 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኬንያ በ2006 ዓመታዊውን የመኪና ክፍያ ሰርዛ በነዳጅ ቀረጥ ስትተካው የያዘችው መንገድ ነው እዚህ ያደረሳት። በዚህ ለውጥ ላይ የሚከራከሩ አገሮች ብዙ ናቸው። ኬንያ ግን አድርጋዋለች፤ ትርፉንም ጉዳቱንም ኖራበታለች። ለእኛ ለጎረቤቶቿ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የ2006ቱ ልውውጥ

እስከ 2006 ድረስ ኬንያ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ የመንገድ ፈቃድ ያሳድስ ነበር። ከፍሎ የሚሰጠውን ወረቀት የፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ እኛ ቦሎ የምንለውን ያስታውሳል። በዚያ ዓመት የበጀት ንግግር፣ አሞስ ኪሙንያ የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ይህ ክፍያ ተሰረዘ። በምትኩ ከየሊትሩ ነዳጅ የሚቆረጠው የመንገድ ጥገና ቀረጥ ከ5.80 ሽልንግ ወደ 9 ሽልንግ ከፍ አለ። የጨመረው 3.20 ሽልንግ የቀረውን የፈቃድ ገቢ እንዲተካ የታሰበ ነው።

ቀረጡ ያኔ አዲስ አልነበረም። ከዚያ በፊት ኬንያ በዋና ዋና መንገዶቿ ላይ የክፍያ ኬላዎች አቁማ ገንዘብ ትሰበስብ ነበር። በ1993 የመንገድ ጥገና ቀረጥ ፈንድ ሕግ ወጣና ክፍያው ከኬላ ወደ ነዳጅ ዞረ። ጊዜው የአፍሪካ መንገዶች የሚፈርሱበት ነበር። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በዚያ ዘመን ባወጡት ግምት፣ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች መንገዶች ከወጣው 150 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ሲሶው የሚጠጋ በጥገና እጦት ጠፍቷል። መንገድ ለመሥራት ብድርም እርዳታም ይገኛል፤ ምረቃም ሪባንም አለው። ጉድጓድ ለመድፈን ግን ማንም አያበድርም። የገንዘብ ሚኒስቴር በጀት ሲጠበው መጀመሪያ የሚቆርጠውም የጥገናውን ነው፤ የሚቆረጠው ጉዳት ዛሬ አይታይምና። በ1997 እና 1998 የኤልኒኞ ዝናብ ሲወርድ የኬንያ መንገዶች በጥገና እጦት ምን ያህል ደክመው እንደነበር ተጋለጠ። በ1999 ቀረጡን የሚያስተዳድር የኬንያ መንገዶች ቦርድ በሕግ ተቋቋመ።

ስለዚህ 2006 ሲደርስ መሠረቱ ተጥሎ ነበር። የቀረው ዓመታዊውን ክፍያ ከላዩ አንስቶ እዚያው ቀረጥ ውስጥ መክተት ነው። እኔ ውሳኔውን ጥሩ ውሳኔ እለዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ትችት ያንን አይሽርም።

ምን ተገኘበት

ዓመታዊ ፈቃድ ለማስከፈል መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለመኪኖችን እያንዳንዳቸውን ማሳደድ አለበት። አንዱ ይዘገያል፤ ሌላው ሐሰተኛ ወረቀት ይለጥፋል፤ ሌላው መንገድ ላይ ሲያዝ ለትራፊክ ፖሊስ ትንሽ አስጨብጦ ያልፋል። ነዳጅ ግን አገር ውስጥ የሚገባው በሞምባሳ ወደብ ነው፤ ከዚያም በቧንቧ ወደ ናይሮቢና ወደ ምዕራብ ማከማቻዎች ይሄዳል። የገቢዎች ባለሥልጣን ቀረጡን የሚሰበስበው ነዳጁን ከሚያስገቡትና ከሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች ነው። ከፋዮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ነዳጁ ከማከማቻው ከመውጣቱ በፊት ሒሳቡ ያልቃል። ወረፋ፣ ወረቀት፣ ጉቦ የሚባል ነገር በዚያ በኩል የለም።

ሁለተኛው ትርፍ ፍትሕ ነው፤ ቢያንስ በመጀመሪያ እይታ። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ጡረተኛ እና ሌት ተቀን የሚሽከረከር ሰው በአሮጌው ሥርዓት ተመሳሳይ ፈቃድ ያሳድሱ ነበር። በአዲሱ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፦ ከሞምባሳ ጭኖ ወደ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን የሚያልፈው የውጭ ከባድ መኪና የኬንያን ዓመታዊ ፈቃድ አይከፍልም። ኬንያ ውስጥ ነዳጅ ሲቀዳ ግን ለኬንያ መንገድ ያዋጣል።

ገንዘቡም ተሠርቶበታል። በ2007 በወጣው የመንገዶች ሕግ ሦስት ባለሥልጣኖች ተቋቋሙ፤ አንዱ ለአገር አቀፍ አውራ ጎዳናዎች፣ አንዱ ለከተማ፣ አንዱ ለገጠር መንገዶች። ሦስቱም የቀረጡ ድርሻ አላቸው። ከናይሮቢ ተነስቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ ድሮ አቧራና ድንጋይ ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። አስፋልቱ የተነጠፈው በአብዛኛው በውጭ ብድር ሲሆን እንዳይቦረቦር የሚጠብቀው ግን ይህ የየሊትሩ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ በየብስ ናይሮቢ የሚገባ ነጋዴ ይህንን ያውቀዋል።

ማን ነው የሚከፍለው

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ የግል መኪና በዓመት 1,000 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል እንበል። በ2006 ልውውጥ ባለቤቱ የተጨመረበት 3,200 ሽልንግ ነው፤ የፈቃድ ወጪው ቀርቶለታል፣ ወረፋውም ቀርቶለታል። ለእሱ ጥሩ ልውውጥ ነበር።

ቦዳ ቦዳ የሚባለውን የሞተር ሳይክል ታክሲ የሚነዳውን ወጣት እንመልከት። በቀን 3 ሊትር ቀድቶ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 900 ሊትር ይሆናል። ዛሬ ባለው የ25 ሽልንግ ቀረጥ በዓመት 22,500 ሽልንግ ያዋጣል። ያ 1,000 ሊትር የሚፈጀው ባለመኪና የሚያዋጣው 25,000 ነው። ሞተር ሳይክሉ መንገዱን የሚጎዳው ለመቁጠር በማይመች መጠን ነው፤ የነጂው ገቢ ደግሞ የዕለት ጉርስ ነው። ሁለቱ የሚከፍሉት ግን ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል።

ማታቱ የሚባለው፣ አሥራ አራት ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ታክሲ በቀን 30 ሊትር ቢያቃጥል፣ በዚያው ሒሳብ በዓመት 225,000 ሽልንግ ይደርሳል። ይህን ባለንብረቱ ከኪሱ አይከፍለውም። ከካዮሌ ወይም ከጊቱራይ ጠዋት ተነስታ ቢሮ ለማጽዳት መሐል ከተማ የምትገባዋ ሴት በታሪፉ ውስጥ ትከፍለዋለች። እሷ በስሟ መኪና ኖሯት አያውቅም፤ የተሰረዘው ዓመታዊ ፈቃድም ቀድሞ በቀጥታ አይነካትም ነበር። «ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል» ሲባል ነጂው ራሱ ባለሀብት የሆነ ያስመስላል። አብዛኛው ሰው በሰው መኪና በሚጓዝበት አገር ግን ብዙ የሚነዳው ድሃን የሚጭነው ነው።

በሌላ በኩል መንገዱን በእውነት የሚያፈርሰው ማን ነው? የመንገድ መሐንዲሶች የሚያውቁት ሕግ አለ፦ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ካለው ክብደት ጋር እኩል አይደለም፣ በአራተኛ ደረጃ እየተባዛ ነው። የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ከሞምባሳ እስከ ኡጋንዳ ድንበር፣ እስከ ማላባ የሚመላለሰው ከባድ ጭነት መኪና ከትንሽ መኪና ብዙ እጥፍ ነዳጅ ይፈጃል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በሺዎች እጥፍ ነው። የነዳጅ ቀረጥ ይህን ልዩነት መያዝ አይችልም። ዓመታዊ ፈቃድ በአክስልና በክብደት ተተምኖ ቢሆን ኖሮ ይችል ነበር። ኬንያ አሮጌውን ክፍያ ስትጥል ይህንንም ዕድል አብራ ጥላለች። ልውውጡ የጎደለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለትናንሽ መኪኖች ፈቃዱን ሰርዞ ለከባዶቹ በክብደት እንዲከፍሉ አድርጎ ማስቀረት ይቻል ነበር። የንግድ ተሽከርካሪዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚከፍሉት ክፍያ አለ፤ እሱ ግን በቅድሚያ የሚከፈል የገቢ ግብር እንጂ የመንገድ ዋጋ አይደለም።

ላምባም አለ። የመንገድ ጥገና ቀረጥ በቤንዚንና በናፍጣ ላይ እንጂ በላምባ ላይ አልተጣለም፤ ላምባ የድሃ ምድጃና ፋኖስ ነውና። ነገር ግን በናፍጣ ላይ ታክስ በተጨመረ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ይሰፋል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ናፍጣን በላምባ የሚቀላቅል ነጋዴ ይበዛል። ሞተር ይበላሻል፣ መንግሥትም ቀረጡን ያጣል። በሴፕቴምበር 2018 መንግሥት መቀላቀልን ለማስቆም ብሎ በላምባ ላይ የሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ ጣለ። መቀላቀሉ ትርጉም አጣ። ኪቤራና ማታሬ በሚባሉት የናይሮቢ የድሃ ሰፈሮች ውስጥ በላምባ የምታበስለዋ እናት ግን በሌሎች ማጭበርበር ምክንያት ከፋይ ሆነች። ታንዛኒያ በ2017 ዓመታዊውን የተሽከርካሪ ፈቃድ ሰርዛ የነዳጅ ኤክሳይዟን በሊትር 40 የታንዛኒያ ሽልንግ ስትጨምር ላምባን ከመጀመሪያው አብራ ጨምራዋለች። አንዱ አገር ዘግይቶ የደረሰበት ቦታ ሌላው በአንድ ቀን ደረሰ።

ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት

ከ2006 በኋላ ቀረጡ ለዘጠኝ ዓመት 9 ሽልንግ ላይ ቆመ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሽልንግ ዋጋ ወርዷል፣ ሬንጅና ጠጠር ተወዷል፤ ስለዚህ 9 ሽልንጉ በ2015 የሚደፍነው ጉድጓድ በ2006 ከሚደፍነው ያነሰ ነበር። በ2015 ወደ 12፣ በ2016 ወደ 18 ከፍ ሲል ከፊሉ ይህን ለማካካስ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሌላው ክፍል ግን ዓላማው ተቀይሯል። ከየሊትሩ 3 ሽልንግ ለአዳዲስ መንገዶች ግንባታ፣ ለተቋራጮች በየዓመቱ ለሚከፈል ዕዳ እንዲውል ተመደበ። ስሙ የጥገና ቀረጥ እንደሆነ ቀርቷል።

በ1993ቱ ሕግ መሠረት ቀረጡን የሚወስነው ሚኒስትሩ በሚያወጣው ትእዛዝ ነው። የፋይናንስ ሕግ ግን በየዓመቱ ፓርላማ ገብቶ፣ በኮሚቴ ተመርምሮ፣ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ፣ በድምፅ ነው የሚያልፈው። ዓመታዊ የመኪና ታክስ ለመጨመር የሚፈልግ መንግሥት በሁለተኛው በር ማለፍ አለበት። የነዳጅ ቀረጥ የሚጨምር በመጀመሪያው ያልፋል። በ2006 ክፍያው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲዛወር ይህን ያነሳ ሰው ቢኖርም ትኩረት አላገኘም፤ ሁሉም የሚያየው የቀረውን ወረፋ ነበር። ያ 3.20 ሽልንግ በምን ምክንያት እንደተጨመረ፣ ከዚያ በላይ እንዳያድግ ምን እንደሚያግደው በሕግ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ታክሱ መቀየሩ አልጎዳም፤ የጎዳው ታክሱ ሲቀየር ሕዝቡ እምቢ የሚልበት ቦታ አብሮ መጥፋቱ ነው።

2024

የ2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ተጨማሪ ገቢ እንዲያመጣ የታቀደ ነበር። የመኪና ታክሱ ከአንቀጾቹ አንዱ ነው፦ የመኪናው ዋጋ 2.5 በመቶ፣ ከ5,000 ሽልንግ ያላነሰ፣ ከ100,000 ያልበለጠ። የሚሰበስቡት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። ባለመኪናው ዓመታዊ ኢንሹራንሱን ሲገዛ ታክሱንም እዚያው ይከፍላል፤ ኩባንያው በአምስት ቀን ውስጥ ለገቢዎች ያስተላልፋል፤ ካላስተላለፈ ይቀጣል። ኢንሹራንሶቹ ተቃወሙ። ሰው ሙሉ ዋስትና መግዛቱን ትቶ ለሦስተኛ ወገን ብቻ ወደሚገዛው ርካሽ ዋስትና ይሸሻል፣ ከነጭራሹ ሳይገዛ የሚነዳም ይበዛል አሉ። የሚያሳምን ሥጋት ነው።

የታክሱ ቅርጽም ያስቆጣል። የ100,000 ጣሪያው የሚነካው መኪናው 4 ሚሊዮን ሽልንግ ሲያወጣ ነው። ከዚያ በላይ 20 ሚሊዮን የሚያወጣ ቢሆንም ክፍያው አያድግም። ስለዚህ የ1 ሚሊዮን መኪና ያለው መምህር 2.5 በመቶ ሲከፍል፣ የ20 ሚሊዮን መኪና ያለው ባለሥልጣን ግማሽ በመቶ ይከፍላል። ጎዳና ላይ የወጡት ወጣቶች ይህን ሒሳብ በስልካቸው ላይ ሠርተው ተቀባብለውታል፤ አንቀጹን አንድ በአንድ እየተነተኑ በስዋሂሊና በየአካባቢው ቋንቋ አሰራጭተዋል። ታክስን እንዲህ አንብቦ የሚሟገት ትውልድ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሆኖም ያንኑ ሒሳብ ወደ ነዳጁ እንውሰደው። የ1 ሚሊዮን ሽልንግ መኪና ያለው ሰው በወደቀው ታክስ በዓመት 25,000 ሽልንግ ይከፍል ነበር። 1,000 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ አሁን በመንገድ ጥገና ቀረጥ የሚከፍለው ያው 25,000 ነው። ከዚህ ውስጥ 7,000ው ከጁላይ 2024 በኋላ የመጣ ነው። የ20 ሚሊዮኑ መኪና ባለቤት እኩል ነዳጅ የሚፈጅ ከሆነ እሱም 25,000 ይከፍላል፤ በወደቀው ታክስ ግን 100,000 ይከፍል ነበር። ቦዳ ቦዳ ነጂውን ከላይ አይተነዋል። ሕዝቡ ፍትሕ የጎደለው ነው ብሎ ከጣለው ታክስ ይልቅ፣ ቀስ ብሎ የተጨመረው በድሃው ላይ ይከብዳል።

ጁን 25 ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ወጣቶች ሞቱ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ጁላይ 11 ካቢኔያቸውን በተኑ። የመንገድ ጥገና ቀረጡ ወደ 25 ሽልንግ ያደገው በዚያ ሰሞን ነው፤ ትእዛዙን ያወጡትም የመንገዶችና ትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ኪፕቹምባ ሙርኮሜን ናቸው።

እንዴት ሳይሰማ አለፈ? ምክንያቱ የዋጋ ሰሌዳው ላይ አለ። ጁላይ 14 በወጣው ዋጋ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ189.84 ወደ 188.84 ሽልንግ ወረደ። አዎ፣ ወረደ። ሽልንጉ በዓመቱ መጀመሪያ ከዶላር አንጻር ጠንክሮ ስለነበር ነዳጁ ተገዝቶ የሚገባበት ዋጋ ቀንሷል፤ ቀረጡ ባይጨመር ኖሮ ቤንዚኑ ወደ 182 ሽልንግ ገደማ በወረደ ነበር። ሰባቱን ሽልንግ መንግሥት ወሰደ፣ አንዷ ለገዢው ተረፈች። ማደያው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው አንድ ሽልንግ መርከሱን ነው። ያልደረሰውን ቅናሽ ማን ያይለታል? ቀረጡ ብቻውንም አይደለም። ኤክሳይዝ አለ፣ የነዳጅ ልማት ቀረጥ 5.40 ሽልንግ አለ፣ የባቡርና የሌሎች ትናንሽ ክፍያዎች አሉ፣ በ2023 ከ8 ወደ 16 በመቶ የተመለሰው ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በዚህ ሁሉ ድርድር ውስጥ ሰባት ሽልንግ ለይቶ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው።

በዋስትና የተያዙት ሰባት ሽልንጎች

የተጨመረው ገንዘብ የት ገባ? መንግሥት ለመንገድ ተቋራጮች ሳይከፍል ያከማቸው ዕዳ ነበረበት፤ ሥራ ቆሞ፣ ግሬደርና ቡልዶዘር በየመንገዱ ዳር ቆመው የነበረበት ጊዜ ነው። በ2025 ያን ዕዳ ለመክፈል መንግሥት ከ25ቱ ሽልንግ 7ቱን ለዓመታት ወደፊት አስይዞ 175 ቢሊዮን ሽልንግ ለማግኘት ተነሳ። ተቋራጮቹ ገንዘባቸው ሲደርሳቸው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ብዙ ሰው ደመወዙን ያገኘበት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባቱ ሽልንግ ታክስ ብቻ አይደሉም፤ የአበዳሪ ዋስትና ናቸው። ነገ የሚመጣ ፓርላማ ቀረጡን ወደ 18 ልመልሰው ቢል ከአበዳሪ ጋር የገባውን ውል ማፍረስ ይሆንበታል። የነገ ጉድጓድ የሚደፈንበት ገንዘብም ለትናንት ሥራ ውሏል።

በተረፈው ላይ ደግሞ ክርክር አለ። በ2010 ሕገ መንግሥት የተፈጠሩት 47 ካውንቲዎች አብዛኛው የገጠር መንገድ በእኛ እጅ ነውና ድርሻችን ይሰጠን ይላሉ፤ የፓርላማ አባላት ገንዘቡ በምርጫ ክልላችን በኩል ይምጣ ይላሉ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ነዳጅ የማይቀዳ መኪና ሲመጣ

ናይሮቢ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶችና ሞተር ሳይክሎች መታየት ጀምረዋል። ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነው። ለመንገዱ ግን አንድ ሽልንግ አያዋጡም፤ ክፍያው ሁሉ በነዳጅ ውስጥ ነውና። ኬንያ ዓመታዊ ፈቃዷን ባትሰርዝ ኖሮ እነዚህን የምትይዝበት መረብ ይኖራት ነበር። አሁን ከባዶ መጀመር አለባት፤ የ2024ቱ ሙከራ ደግሞ «ዓመታዊ የመኪና ታክስ» የሚለውን ሐሳብ ራሱን ፖለቲከኛ የማይነካው አድርጎታል።

ይህ ለኬንያ የነገ ጥያቄ ነው። ለኢትዮጵያ ግን የዛሬ ነው። መንግሥት በጃንዋሪ 2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች መግባታቸውን ባለሥልጣናት ተናግረዋል። የመንገድ ፈንዳችን የተቋቋመው እንደ እኛ አቆጣጠር በ1989 በወጣው አዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲሆን፣ ዋና ምንጩ እንደ ኬንያ ሁሉ ከነዳጅ ላይ የሚቆረጥ ክፍያ ነው። አዋጁ ግን ሌሎች በሮችንም ክፍት አድርጎ ነበር፤ ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድ እድሳት ጋር በአክስል ጭነት ልክ የሚከፈል፣ ከመጠን በላይ ከጫነ ሰው የሚሰበሰብ ቅጣት። ነዳጅ የማይቀዳው መኪና በበዛ ቁጥር ዋናው ምንጭ ይሳሳል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ያ ሁለተኛው በር ነው። ቦሎውን ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ቢመጣ የኬንያን 2006 አስታውሶ እንዲያስብበት እመክራለሁ። ወረፋውን በስልክ ክፍያ ማጥፋት ይቻላል፤ ክፍያውን ካጠፉ በኋላ ለመመለስ ግን ናይሮቢ ያየችውን ማየት ይመጣል።

ድንበሩም የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ነዳጅ በድጎማ ርካሽ በነበረባቸው ዓመታት በሞያሌ በኩል በጄሪካን እየተቀዳ ወደ ኬንያ ይሻገር እንደነበር የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ነዳጅ የኬንያን መንገድ ሲጠቀም የኬንያን ቀረጥ አልከፈለም፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የገዛችውን አጥታለች። ቀረጡ ማከማቻው በር ላይ የሚሰበሰብ ስለሆነ ለመሰብሰብ ቀላል ነው ብያለሁ። በማከማቻው በር ያላለፈውን ግን በሌላ መንገድ የሚይዘው ነገር የለውም።

ኬላዎቹ ተመልሰዋል

በ2022 ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ የሚዘረጋው 27 ኪሎ ሜትር የናይሮቢ ፈጣን መንገድ በክፍያ ሥራ ጀመረ። እዚያ ቢያንስ ምርጫ አለ፤ ገንዘብ የሌለው ከሥር ባለው ነጻ መንገድ፣ በመጨናነቁ ውስጥ ይሄዳል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ከሪሮኒ ተነስቶ በናኩሩ በኩል ማው ሰሚት የሚደርሰው አውራ ጎዳና የማስፋት ሥራ ተጀምሯል። ወጪው የሚመለሰው ከተጠቃሚው በሚሰበሰብ ክፍያ ነው። በ1993 ኬላ እንዲቀር ተብሎ ነዳጅ ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ በ2006 ዓመታዊ ፈቃድ እንዲቀር ተብሎ ቀረጡ ተጨመረ። ኬላው አሁን ሲመለስ ቀረጡ አልቀነሰም። ከናይሮቢ ናኩሩ የሚነዳ ሰው በየሊትሩ 25 ሽልንጉን ማደያው ላይ ከፍሎ ይነሳል፤ የመንገዱ ሥራ ሲጠናቀቅ ኬላው ላይ ደግሞ ይከፍላል። ቀረጡ በዚያ መንገድ ላይ ይቀነስለት ወይስ አይቀነስለት የሚለውን የሚወስነው አሁንም የሚኒስትር ትእዛዝ ነው።